ፍሪጅ ከመግዛትሽ በፊት ኩሽናሽን አሳዪኝ

የእህቴ ልጅ የኮንዶሚኒየሟን ቁልፍ በተረከበች በሳምንቱ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ፍሪጅ ልገዛ ነው፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ። ግን መጀመሪያ ኩሽናሽን አሳዪኝ።»

ሳቀች። ዕድሜውን ሙሉ ፊዚክስ ሲያስተምር የኖረ አጎት ለአጭር ጥያቄ አጭር መልስ እንደማይሰጥ ታውቃለች። እኔ ግን የምሬን ነበር። መሸጫው ውስጥ ሁሉም ፍሪጅ ያምራል። ሁሉም ባዶ ነው፣ ሁሉም ያብረቀርቃል፣ ሁሉም ከግድግዳ ርቆ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ቆሟል። እዚያ ቆሞ መምረጥ ሰውን በሰርጉ ቀን አይቶ ጠባዩን እንደ መገመት ነው። የፍሪጅ ጠባይ የሚታወቀው ቤት ገብቶ መብራት ሲጠፋበት፣ የፋሲካ ሥጋ ሲታጨቅበት፣ ከጎኑ ምጣድ ሲጣድ ነው።

ኩሽናዋን አየሁት። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ጠባብ ናት፤ አንድ ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ ሌላው በጎን ካልሆነ አያልፍም። ያለው ማከፋፈያ (ሶኬት) አንድ ነው፤ እሱም ላይ ገና ከአሁኑ ዲቫይደር ተሰክቷል። ፍሪጁን ልታቆምበት ያሰበችው ጥግ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ልታስቀምጥበት ካሰበችው ጋር ክንድ ለክንድ ይነካካል። «እዚህ አይሆንም» አልኳት። ለምን እንደማይሆን ለማስረዳት ግን ፍሪጅ ምን እንደሚሠራ መናገር ነበረብኝ። ብዙ ሰው ሃያ ዓመት ሲጠቀምበት ኖሮ የሚሠራውን ሥራ በትክክል አያውቀውም።

ፍሪጅ ብርድ አይሠራም። ብርድ የሚባል ነገር የሆነ ቦታ ተመርቶ ወደ ሳጥኑ አይገባም። ፍሪጅ ተሸካሚ ነው፤ ውስጥ ያለውን ሙቀት እየተሸከመ ወደ ውጭ ይጥላል። መርካቶ ውስጥ ጆንያ ተሸክሞ ከመጋዘን ወደ መኪና የሚመላለሰውን ወዛደር አስቡት። መጋዘኑ ባዶ የሚሆነው ባዶነት ስለተጨመረበት አይደለም፤ ጆንያው ስለወጣ ነው።

ታዲያ ሙቀት እንዴት ይሸከማሉ? መልሱን እናቶቻችን በእንስራ ያውቁታል። አዲስ እንስራ ውኃ ሲሞላበት ላብ ያወጣል። ያ ላብ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱን የሚወስደውም ከውስጥ ከቀረው ውኃ ነው። ስለዚህ ውስጡ ይቀዘቅዛል። መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችንን በአልኮል ሲያሹን የሚሰማን ብርድም ይኸው ነው። ፈሳሽ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

የእንስራው ችግር የተነነው ውኃ አለመመለሱ ነው። ፍሪጅ ይህን ችግር የፈታ እንስራ ነው ብትሉ አልከራከርም። በውስጥ ግድግዳው በተቀበሩ ቱቦዎች ውስጥ በጣም በትንሽ ሙቀት የሚፈላ ፈሳሽ ይሄዳል። እዚያ ይፈላል፣ ይተናል፣ የወተታችንንና የወጣችንን ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ኮምፕረሰሩ፣ ሰፈር ውስጥ «ሞተሩ» የሚሉት ጥቁር እንክብል ነገር፣ ጋዙን ስቦ ይጨምቀዋል። የተጨመቀ ጋዝ ይግላል፤ የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የፓምፑን ጫፍ ቢነካ ይገባዋል። የጋለው ጋዝ ከኋላ ወይም ከጎን ባሉ ቱቦዎች ሲያልፍ ሙቀቱን ለኩሽናው አየር ያስረክብና ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በመጨረሻም እንደ ክር በቀጠነች ቱቦ ሾልኮ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ግፊቱ ይረግብለታል፤ እንደገና ይፈላል። ዊሊያም ከለን የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ፈሳሽን በማትነን ሰው ሠራሽ ቅዝቃዜ ማምጣት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሳይቶ ነበር። ይሁንና ጋዙን መልሶ እያዞረ የሚሠራው መኪና በጃኮብ ፐርኪንስ ስም የፈጠራ መብት የተመዘገበለት በ1834 ነው። ዛሬ ኩሽናችን ውስጥ የሚያጉረመርመው መኪና በመሠረቱ ያው ነው።

ይህ ከገባን ብዙ ነገር ራሱን ያስረዳል። ተሸካሚው ሸክሙን የሚጥልበት ቦታ ያስፈልገዋል። ፍሪጅን ከግድግዳ አጣብቆ ማቆም፣ ላዩ ላይ ካርቶንና ብርድ ልብስ መከመር፣ በር ላይ ቆሞ ተሸካሚውን እንዳይወጣ እንደ መከልከል ነው። ከኋላው ቢያንስ አንድ ጭብጥ ያህል ክፍተት ይተዉለት። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ አየር ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ይከብዳል። ሳሳ ያለ አየር ሙቀት ተቀብሎ የመሄድ አቅሙም ያንሳል። ምጣድ አጠገብማ ጨርሶ አይሆንም። ሙቀት ሊጥል የወጣውን ተሸካሚ ሌላ ሙቀት በር ላይ ይጠብቀዋል።

አንድ ሌላ ነገርም ይገባናል። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር እንጂ እንደ መኪና ነዳጅ የሚቃጠል አይደለም። «ፍሪጁ ጋዝ ጨርሷል» የሚለው አባባል ስለዚህ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ጋዝ አያልቅም፤ ካነሰ ፈስሷል። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ ብቻ ሞልቶ የሚሄድ ሠራተኛ በተሰነጠቀ እንስራ ውኃ እየቀዳ ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ትጠሩታላችሁ። ይህን የማውቀው ከፊዚክስ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያ ፍሪጄን የገደልኳት በገዛ እጄ ነው። በረዶው ሲበዛ በቢላ ልፈልጠው ጀመርኩ፤ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አለቀ። በረዶ ቤቱ ውስጥ ያለው ስስ አሉሚኒየም ራሱ ቱቦው ነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ያን ቢላ «የመምህሩ ቢላ» ትለዋለች።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ፤ ምርጫው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁና። የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚያስችሉ ተርባይኖች ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ፍሪጅ የሚያቃጥለው ግን በአብዛኛው የማመንጨት ጉዳይ ሳይሆን ከሰፈራችን ትራንስፎርመር እስከ ማከፋፈያችን ያለው መስመር ነው። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ዓይን ሳይጨፈን ደግሞ ይሄዳል። ሰው የሚፈራው መሄዱን ነው። ለፍሪጅ የሚከፋው አመጣጡ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኮምፕረሰሩ ሲሠራ በአንድ በኩል ከፍተኛ፣ በሌላ በኩል ዝቅተኛ ግፊት ይፈጥራል። ሲቆም ሁለቱ ግፊቶች በዚያች ቀጭን ቱቦ በኩል ቀስ እያሉ እኩል ይሆናሉ፤ ይህም ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። መብራት ጠፍቶ በአሥር ሰከንድ ተመልሶ ከመጣ ግን ሞተሩ ያን ሁሉ ግፊት ተሸክሞ ከቆመበት እንዲነሳ ይታዘዛል። አይችልም። እያጉረመረመ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ይግላል፤ «ቀጭ» ብሎ ይቆማል። ከአፍታ በኋላ ደግሞ ይሞክራል። ይህ በቀን አምስት ጊዜ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሆን ቁጠሩት። ስለዚህ መብራት ከመጣ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አዘግይቶ የሚያስነሳ መከላከያ ያስፈልጋል። አንዳንድ ስታቢላይዘሮች ይህ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም። ስትገዙ «የማዘግያ ደቂቃ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሰክታችሁም ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች።

የቮልት መውረድም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩልን የሚጠጋ ኃይል ይስባል፤ ፍሪጅ ሲሠራ የሚስበው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ዋት ነው። በአንድ ቀጭን ዲቫይደር ሁለቱን መሰካት ዝሆንና አህያን በአንድ ቀንበር መጥመድ ነው። ምጣዱ ሲበራ ለፍሪጁ የሚደርሰው ቮልት ይወርዳል፤ ቮልት የወረደበት ሞተር ደግሞ ለመነሳት ይታገላል። ለእህቴ ልጅ የነገርኳት የመጀመሪያው ወጪ ስለዚህ ፍሪጁ አልነበረም፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታ ለፍሪጁ ብቻ የሚሆን፣ የመሬት መስመር ያለው ማከፋፈያ እንድታስወጣ ነው። «ፍሪጁ ይነዝረኛል» የሚሉ ቤቶች አብዛኞቹ የመሬት መስመር የላቸውም።

ቅዳሜ መርካቶ ሄድን። ገና ከመግባታችን ወጣቱ ሻጭ «ጋሼ፣ ይሄ ኢንቨርተር ነው፤ መብራት ቢጠፋም አያሳስባችሁም» አለን። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ አንድ ቃል ለሁለት ነገር ስለዋለ ብዙ ሰው ይታለላል። ባትሪ ላይ ተገጥሞ መብራት ሲጠፋ ቤቱን የሚያበራውን መሣሪያ ኢንቨርተር እንለዋለን። ፍሪጁ ላይ የተጻፈው ኢንቨርተር ግን ሌላ ነው፤ የኮምፕረሰሩን ፍጥነት እንዳስፈላጊነቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሰሌዳ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም እንደ ማንም ይጠፋል። ልጁ ዋሸ ማለቴ አይደለም፤ እሱም እንዲሁ ተነግሮት ይሆናል።

ኢንቨርተር ፍሪጅ ግን በራሱ ጥሩ ነገር ነው። ተራው ኮምፕረሰር ወይ በሙሉ ኃይል ይሮጣል ወይ ይቆማል። ይህኛው እንደ ጥሩ መንገደኛ በዝግታ ይጀምርና የሚበቃውን ያህል ይራመዳል። ሲነሳ መስመሩን አያናጋም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ የሚበላው ኤሌክትሪክም ያንሳል። የባትሪ ወይም የሶላር መጠባበቂያ ላለው ቤት ከዚህ የተሻለ የለም። ጉዳቱ ያ ሰሌዳ ነው። መብራት በድንገት ከፍ ብሎ ሲመጣ የሚቃጠለው እሱ ነው፤ ሲቃጠል ደግሞ መለዋወጫውን ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል። ስለዚህ ኢንቨርተር የሚገዛ ሰው ከቮልት መጠበቂያው ላይ ገንዘብ መቆጠብ የለበትም። ከመክፈልም በፊት የዚህ ፍሪጅ ሰሌዳ መለዋወጫ ከተማው ውስጥ እንዳለ መጠየቅ አለበት። ጠየቅን። ለሁለቱ ሞዴሎች አለ ተባለ፤ ሦስተኛው ላይ ልጁ ዝም አለ። ሦስተኛውን ተውነው።

«በረዶ አይሠራም» የሚባለው፣ ኖ ፍሮስት፣ ምቾቱ ግልጽ ነው። በማራገቢያ ቀዝቃዛ አየር ያዞራል፣ የተጠራቀመውን በረዶ ራሱ ያሟሟል፤ ቢላ አያስነሳም! ነገር ግን የሚዞረው አየር ደረቅ ነው። ያልተሸፈነ እንጀራ እዚያ ውስጥ ከገባ በማግስቱ እንደ ብራና ይሆናል። ለነገሩ እንጀራ በየትኛውም ፍሪጅ ውስጥ ይደርቃል፤ ቅዝቃዜ የዱቄቱን ስታርች ስለሚያጠጥረው ነው። ሻጋታ ፈርታችሁ ካስገባችሁት በፕላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት። ከሦስት ቀን በላይ ከሆነ ደግሞ በረዶ ቤት ይሻለዋል።

ስለ መጠን ብዙ አልልም። ሦስት አራት ሰው ላለበት ቤት ከ200 እስከ 300 ሊትር ይበቃል ባይ ነኝ። ከዚያ በላይ የሚገዛው አብዛኛው ሰው የሚገዛው ለእንግዳ ዓይን ነው። ይልቅ እኛ አገር የፍሪጅ ዓመት እኩል አለመሆኑን ማሰብ ይሻላል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በጾመኛ ቤት በዚያ ወቅት ፍሪጁ ውስጥ ያለው የሳምንት ቁሌት፣ ስልስ፣ ጎመንና የሎሚ ግማሽ ነው። ከዚያ በአንድ ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ ወተትና ከቅርጫ የደረሰ ሥጋ አንድ ላይ ይገባል። ፍሪጅ የሚፈተነው ያን ዕለት ነው።

ፈተናው የቦታ ብቻ አይደለም። አንድ ሊትር ውኃ ከ80 ዲግሪ ወደ 0 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ የሚወጣው ሙቀትና፣ ያው ውኃ 0 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ወደ በረዶ እንዲለወጥ የሚወጣው ሙቀት እኩል ነው። ሥጋም አብዛኛው ውኃ ነው። ገና ከመታረዱ ሙቀቱ ያልወጣለትን አሥር ኪሎ ሥጋ አንዴ በረዶ ቤት ውስጥ የሚያጭቅ ሰው ለተሸካሚው የማይችለውን ጭኖበታል። ሥጋው መሃሉ ሳይቀዘቅዝ ያድራል፤ ቀድሞ የበረደው ወተትም ይሞቃል። ስለዚህ መለያ ወረቀቱ ላይ ከሊትሩ ይልቅ «በ24 ሰዓት ይህን ያህል ኪሎ» የሚለውን ፈልጉ። ያ ቁጥር ፍሪጁ በአንድ ቀን ስንት ኪሎ አዲስ ምግብ እስከ ውስጡ ማብረድ እንደሚችል ይናገራል። ትንንሾቹ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ብቻ የሚል አያለሁ። ከአጠገቡ ያሉት ኮከቦችም ትርጉም አላቸው። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ፣ ሁለት ኮከብ ከዜሮ በታች 12፣ ሦስት ኮከብ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ማለት ነው። አራተኛዋ ኮከብ ደግሞ ቀድሞ የበረደውን ከማቆየት አልፎ አዲስ ምግብ ለማብረድ አቅም አለው ማለት ነው። ሥጋውን በስስ በስሱ አድርጎ በየተራ ማስገባት፣ የቀረውን ቋንጣ ማድረግ። ቋንጣ መብራት አይፈልግም፤ ስታቢላይዘርም አይፈልግም።

ያው የ80 ዲግሪው ምስጢር በተቃራኒውም ያገለግላል። በረዶ ሲቀልጥ ያን ሁሉ ሙቀት መልሶ ይውጣል። በረዶ ቤት ውስጥ ባዶ የቀረ ቦታ ካለ በሃይላንድ ፕላስቲክ ውኃ ሞልታችሁ አብርዱበት፤ ውኃ ሲበርድ ስለሚሰፋ ግን አፉ ድረስ አትሙሉት። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ በረዶ ቤት እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ልጆች በር ከፍተው ውስጡን በባትሪ ሲያበሩ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከፍሪጁ ጀርባ ወይም ከውስጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ትንሽ የስም ሰሌዳ አለች። ማንም አያነባትም፤ እኔ ጎንበስ ብዬ መነጽሬን ሳደርግ ሻጩም ተገርሞ አየኝ። መጀመሪያ ቮልቱና ኸርዙ ይታያል። የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የእህቴ ልጅ ወንድሟ ዋሽንግተን ነው የሚኖረው፤ «ባለ ሁለት በር ትልቁን በኮንቴይነር ልላክልሽ» ብሏት ነበር። የአሜሪካ ፍሪጅ 115 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። ለ60 የተሠራ ተራ ሞተር 50 ላይ ሲሰካ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይወርዳል፣ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። የሳዑዲ ዓረቢያም መስመር 60 ኸርዝ ነው፤ ከዚያ ዕቃ ጠቅልለው የሚመለሱ እህቶቻችን ይህን ቢያዩ ደግ ነው። የዱባዩ 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለበትም። መሰኪያው ግን ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለው ነው፤ ሲቀየር የመሬቱ ሽቦ ተቆርጦ እንዳይጣል።

ቀጥሎ በላቲን ፊደል የሚጻፈው የአየር ጠባይ መደብ ነው። «ኤስኤን» የተባለው የክፍሉ ሙቀት ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ሲሆን፣ «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ደግሞ ከ16 እስከ 43 ሲሆን በትክክል እንዲሠራ የተሠራ ነው። ድሬዳዋና ሰመራ የሚኖር ሰው ያለ «ቲ» መግዛት የለበትም። አዲስ አበባ ያለው ሰው ደግሞ የላይኛውን ቁጥር ትቶ የታችኛውን ይይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከተማዋ ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች፤ ፀሐይ የማይገባበት ኩሽና ከ16 በታች ሆኖ ያድራል። ብዙ ርካሽ ፍሪጆች ያላቸው ሙቀት ለኪ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያለው በታችኛው ክፍል ነው። ኩሽናው ሲበርድ ያ ለኪ «በቂ ቀዝቅዟል» ይልና ሞተሩን ያሳርፈዋል፤ በረዶ ቤቱ ግን ሞተሩ ካልሠራ መቅለጥ ይጀምራል። ሰው ጠዋት ሥጋው ለስልሶ ሲያገኘው «ጋዝ ጨረሰ» ብሎ ሠራተኛ ይጠራል። ፍሪጁ ጤነኛ ነው፤ ብርዱ አታሎት ነው። በደጋ አገር እንግዲህ «ኤስኤን» ብሎ የሚጀምር፣ ወይም ለላይና ለታች የተለያየ መቆጣጠሪያ ያለው ይመረጣል።

ከዚያ ጋዙ ይጻፋል። የዱሮዎቹ ላይ አር 12 የሚባለው ነበር። የምድርን የኦዞን ሽፋን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት እንዲቀር ተደረገ። ቀጥሎ የመጣው አር 134ኤ ነው፤ ኦዞንን አይነካም፣ ምድርን ግን ያሞቃል። ዛሬ አዳዲሶቹ ላይ አር 600ኤ የሚል ታያላችሁ፤ ይህ ኢሶቡቴን ነው፣ ከምግብ ማብሰያ ጋዝ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። በፍሪጁ ውስጥ ያለው መጠን በአሥር ግራሞች የሚቆጠር ስለሆነ በአግባቡ ለተያዘ ፍሪጅ አያስፈራም። የሚያስፈራው ጥገናው ነው፤ ጋዙ በትክክል ሳይወጣ በእሳት የሚበይድ ሠራተኛ ራሱንም ቤቱንም አደጋ ላይ ይጥላል። ሠራተኛ ስትጠሩ የጋዙን ስም ንገሩት። አንዱን ጋዝ አውጥቶ ሌላ ልሙላበት ካለ ሸኙት።

የኤሌክትሪክ ወጪውን መለያው ላይ በዓመት ኪሎ ዋት ሰዓት ይጽፉታል። ለ365 ሲካፈል የቀኑን ታገኛላችሁ፤ 220 ያለው በቀን 0.6 ያህል ነው። የቤት ታሪፋችን ደረጃ በደረጃ ስለሚጨምር፣ ምጣድ ያለው ቤት ላይ ፍሪጁ የሚጨምረው ፍጆታ በላይኛው ደረጃ ዋጋ ሊታሰብ ይችላል። የአውሮፓን መለያ ስታዩ ደግሞ ተጠንቀቁ። ፊደሉ ላይ የመደመር ምልክት የተደረደረበት አሮጌው ነው፤ ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምልክቶቹ ቀርተው መመዘኛው ጠበቅ ብሏል። በአዲሱ መለያ «ኢ» ያገኘ ፍሪጅ በአሮጌው ሁለት መደመር ካለው ላያንስ ይችላል። ፊደሉን ትታችሁ ቁጥሩን አወዳድሩ። የብሩን ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ጽሑፉ ለአንባቢ እስኪደርስ ይለወጣል።

ከመክፈላችን በፊት አንድ የመቶ ብር ኖት በሩ ላይ አስገብቼ ዘጋሁና ሳብኩት። የበሩ ጎማ ጨብጦ ከያዘ ጥሩ ነው፤ በቀላሉ ሾልኮ ከወጣ በዚያ በኩል ብርድ ይሾልካል። አራቱንም ጎን ሞከርኩ። ልጁ «ጋሼ፣ ብሩን እኛ ጋ ሊረሱት ነው» ብሎ አሳቀን። የገዛችው 260 ሊትር፣ በረዶ የማይሠራ፣ «ኤስኤን» ብሎ የሚጀምር፣ ሰሌዳው በከተማው የሚገኝ ኢንቨርተር ነው። በሩ ላይ ውኃ የሚቀዳው አማራት ነበር። እኔ በሩ ላይ ቀዳዳ የበዛበትን ፍሪጅ አልወድም፤ ተወችው፣ ቅር እያላት።

አራተኛ ፎቅ ያወጡት ሦስት ልጆች ናቸው፤ ደረጃው መጠምዘዣ ላይ ማጋደል ግድ ሆነባቸው። ኮምፕረሰሩ ውስጥ ዘይት አለ። ሲጋደም ዘይቱ ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል፤ ወዲያው ቢሰካ ሞተሩ ያለ ዘይት ይነሳል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርገን እስከ ማግስቱ ሳይሰካ አሳደርነው። አማቷ «አዲስ ፍሪጅ ገዝቶ ሳይሰኩ ማደር ምን የሚሉት ነው» ብለው አጉረመረሙ። እሁድ ጠዋት ተሰካ፤ ባዶውን ዋለ። ማታ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቴርሞሜትር ነክረን መሃለኛው መደርደሪያ ላይ አኖርነው። አየሩ በር በተከፈተ ቁጥር ስለሚለዋወጥ እውነቱን የሚናገረው ውኃው ነው። ጠዋት 4 ዲግሪ አለ። የምንፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ወተቱ ገባ።

ረቡዕ ማታ ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ መብራት ጠፍቶ መጣ። አምፖሉ በራ፣ ቴሌቪዥኑ በራ፣ ፍሪጁ ግን ዝም ብሏል። ተቃጠለ እንዴ?»

«መብራት ከመጣ ስንት ደቂቃ ሆነው?»

«ሁለት... ሁለት ተኩል።»

«ስታቢላይዘሩ ላይ ቢጫ መብራት አለ?»

«አለ። ብልጭ ብልጭ ይላል።»

«በይ ስልኩን ሳትዘጊ ፍሪጁ አጠገብ ሁኚ።»

ዝም ብለን ጠበቅን። ከጀርባዋ የአማቷ ድምፅ «ነግሬሻለሁ» ሲል ይሰማኛል። ከዚያ «ቀጭ» የሚል ነገር፣ ቀጥሎም በጣም ዝቅ ያለ ጉርምርምታ በስልኩ ውስጥ መጣ።

«ተነሳ» አለች።